ንፋስ፣ ወጀብና ሞገድ፦ ከጎጃም ተነስቶ ዊንድሰርፍና ሰርፍ ለሚያስብ ሰው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ስንገናኝ በየጊዜው የሚነሱ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ሐይቁ ላይ ሸራ ይዞ መውጣት ይፈልጋል። ሌላው ሞምባሳ ወይም ደቡብ አፍሪካ ለመሄድ ገንዘብ እያጠራቀመ ነው። የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል፤ ጉዞውን የሚወስነው አየሩ ነው። ቀኑንም፣ ሰዓቱንም፣ ቦታውንም ከአየሩ ጋር ተማክራችሁ ምረጡ።

ሰርፊንግና ዊንድሰርፊንግ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ሰርፊንግ ላይ የሚገፋችሁ ሞገዱ ነው። ሰሌዳው ላይ በሆዳችሁ ተኝታችሁ በእጃችሁ ትቀዝፋላችሁ። ሞገዱ ከኋላ ሲያነሳችሁ ብድግ ብላችሁ ትቆማላችሁ። ዊንድሰርፊንግ ላይ ግን ሰሌዳው ምሰሶና ሸራ አለው። የሚገፋችሁ ንፋሱ ስለሆነ ውሃው ዝርግ ቢሆንም ትሄዳላችሁ።

ለጎጃም ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ቁም ነገር ነው። ንፋስ አለን። ሰርፍ የሚደረግበት ሞገድ ግን የለንም።

ጣና ሰፊ ነው፤ ሲቆጣም ሞገዱ ያስፈራል። ታዲያ ሰርፍ ለምን አይሆንም?

ሞገድን የሚያሳድጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የንፋሱ ጉልበት፣ የነፈሰበት ጊዜ እና ሳይቋረጥ የተጓዘበት የውሃ ርዝመት። ጣና ከሰሜን እስከ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር አካባቢ ነው። ለሐይቅ ይህ ትልቅ ነው፤ ለሞገድ ግን አጭር መንገድ ነው። ስለዚህ የጣና ሞገድ በየሦስት በየአራት ሰከንዱ እየተከታተለ ይመጣል። አጭርና ቀጥ ያለ ነው፣ ቅደም ተከተልም የለውም። ጀልባን ያንገጫግጫል እንጂ ሰሌዳን ተሸክሞ አይሄድም።

ውቅያኖስ ላይ ለሰርፍ ጥሩ የሚባለው ሞገድ በ10፣ በ12፣ አንዳንዴም በ16 ሰከንድ ልዩነት ነው የሚመጣው። በመካከሉ ትተነፍሳላችሁ፣ ቦታችሁን ታስተካክላላችሁ፣ ቀጣዩን ትመርጣላችሁ። ጣና ይህን ፋታ አይሰጥም።

ጣና ላይ ንፋሱ መቼ ነው የሚነሳው?

በጋ ላይ የጣና ንፋስ ሰዓት ያከብራል። ጠዋት ውሃው ዝም ይላል። ፀሐይ ከፍ እያለች ስትሄድ የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ቦታውን ለመሙላት ሐይቁ ላይ የነበረው ቀዝቃዛ አየር ወደ የብሱ ይመጣል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡብ ዳርቻ ስላለች ይህ ንፋስ የሚደርሳት ከሰሜን ወገን ነው። ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 6 ወይም 7 ሰዓት ላይ ይጀምራል። 8 እና 9 ሰዓት ላይ ይበረታል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ይከስማል። ሌሊት ደግሞ ይገለበጥና ከየብሱ ወደ ሐይቁ ቀስ ብሎ ይነፍሳል።

ይህን አሳምረው የሚያውቁት የታንኳ ሰዎች ናቸው። ከዘጌ ወገን እንጨት ጭነው የሚመጡት በማለዳ ነው። የደንገል ታንኳ ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ሞገድ ከተነሳ ጭነቱ ይርሳል፣ ቀዛፊውም ያለ ልክ ይደክማል። የጀልባ ነጂዎቹም ወደ ገዳማቱ የሚሄደውን እንግዳ በጠዋት ተነሱ እያሉ የሚያጣድፉት ለዚሁ ነው።

እናንተም ከሰዓት ዳርቻው ላይ ቆማችሁ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። መጀመሪያ ራቅ ብሎ ውሃው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይታያል። መስመሩ እየሰፋ ወደ እናንተ ይመጣል። ከፊቱ ያለው ውሃ አሁንም የሚያብለጨልጭ ነው፤ ከኋላው ያለው ግን ተሸብሽቧል። ሲደርስ የግንባራችሁ ላብ ወዲያው ይደርቃል። ዳር ላይ በአንድ ገመድ የታሰሩት ጀልባዎች ሁሉ ዞር ይላሉ። ትንሽ ቆይቶ እዚህም እዚያም ነጭ አረፋ ብቅ ካለ ንፋሱ 12 ኖት (በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር) አካባቢ ደርሷል ማለት ነው። ለጀማሪ ሸራ ያ ይበቃል።

ከፍታው ሸራው ላይ ለውጥ ያመጣል?

አዎ፣ ብዙ ሰው ግን አያስበውም። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ እኩል ፍጥነት ያለው ንፋስ እዚህ የሚገፋው በዚያው ልክ አነስ ባለ ጉልበት ነው። ግብፅ ውስጥ ባሕር ዳርቻው ዳሃብ ላይ 5 ካሬ ሜትር ሸራ ይበቃው የነበረ ሰው ጣና ላይ 6 ካሬ ሜትር ቢይዝ ይሻለዋል። በሌላ አነጋገር፣ ያንኑ ግፊት ለማግኘት ንፋሱ በአንድ አስረኛ ያህል መፍጠን አለበት።

የተገላቢጦሹንም አደራ አትርሱ። ጣና ላይ በ15 ኖት የለመደ ሰው ሞምባሳ ሄዶ በ15 ኖት ያንኑ ሸራ ሲከፍት ክንዱን ይነቅለዋል። የንፋስ ግፊት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይደለም የሚያድገው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ10 ወደ 20 ኖት መሄድ ወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ውሃ ላይ ግን ሌላ ዓለም ነው።

ከየት ወገን ሲነፍስ ነው መውጣት ያለብን?

ከሁሉም ጥያቄ ይሄኛው ይበልጥብኛል። ንፋሱ ከየብስ ወደ ውሃ የሚነፍስ ከሆነ ጀማሪ መውጣት የለበትም። ዳር ላይ ሆናችሁ ስታዩት ውሃው የተረጋጋ ነው፣ ይጋብዛል። ምክንያቱ ሞገዱ ገና ለማደግ ቦታ ስላላገኘ ብቻ ነው። 300 ሜትር ከወጣችሁ በኋላ ግን ንፋሱም ሞገዱም ይጨምራል። ሸራው ከወደቀባችሁ ወደ መሃል ሐይቁ ነው የምትነዱት።

ንፋሱ በቀጥታ ወይም በሰያፍ ወደ ዳርቻው ሲነፍስ ግን ዕቃችሁ ቢሰበር እንኳ ወደ የብስ ይመልሳችኋል። የባሕር ዳር የከሰዓት ንፋስ ከሰሜን መምጣቱ ለዚህ ጥሩ ነው። ጎርጎራ ላይ ያለ ሰው ግን በዚህ ሊሸወድ አይገባም። እሱ ያለው በሰሜኑ ዳርቻ ነው፤ ባሕር ዳር ላይ የሚመልስ የሰሜን ንፋስ ጎርጎራ ላይ ይወስዳል።

ክረምት ላይ ንፋሱ ይበረታል። ያኔ ብንወጣስ?

አይሆንም። ከሰኔ እስከ መስከረም መጀመሪያ ያለው ንፋስ ለሸራ የሚመች ዓይነት አይደለም። ከደመና የሚወርድ ወጀብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ትልቁ የነጎድጓድ ደመና ሲበስል ዝናብና ቀዝቃዛ አየር አብረው ይወርዳሉ። ያ አየር መሬት ወይም ውሃ ሲነካ በየአቅጣጫው ይረጫል። ከዝናቡ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ለዚህ ነው ሰማዩ ከራሳችሁ በላይ ገና ብሩህ ሆኖ ሳለ ድንገት ንፋስ የሚያንገላታችሁ። ምልክቱን ያዙ፦ የነበረው ንፋስ ድንገት ይሞታል፤ ትንሽ ቆይቶ አቅጣጫው ይቀየራል፤ ብርድ ይሰማችኋል። እነዚህ ሦስቱ ከተከታተሉ ዳርቻው ላይ መሆን አለባችሁ። ያን ጊዜ ሸራ ላጥፍ፣ ፎቶ ላንሳ ማለት አያዋጣም።

ከንፋሱ የሚብሰው መብረቁ ነው። ዝርግ ውሃ ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ነገር እናንተና ምሰሷችሁ ናችሁ። ምሰሶው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦን ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ብልጭታውን ካያችሁ በኋላ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ። ለሦስት ስታካፍሉት ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። 30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ከውሃው ውጡ። ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ዛፍ ሥር ግን አትጠለሉ፤ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ።

ለጣና ሸራ የሚመቸው ዝናቡ ካባራ በኋላ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ደረቅ ወቅት ነው። ሚያዝያና ግንቦት ላይም የከሰዓት ደመና ስለሚያስቸግር ሰማዩን እያያችሁ ነው የምትወጡት።

የአየር ትንበያውን አፕ ላይ እናየዋለን፤ ግን ሰዓቱ አይገጥምልንም።

ችግሩ የሰዓት አቆጣጠር ነው። ብዙዎቹ የንፋስ ትንበያዎች በዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ማለትም በዩቲሲ ሊያሳዩ ይችላሉ። ከዚያ ላይ ሦስት ቀንሱ፤ የኛን የቀን ሰዓት ታገኛላችሁ። ዩቲሲ 06፡00 ለኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ዩቲሲ 12፡00 ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። አፑ በአካባቢው ሰዓት ከተስተካከለ ግን እንደተለመደው ስድስት ነው የሚቀነሰው። መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ አረጋግጡ።

ሁለተኛ፣ መለኪያውን እዩ። 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። በሜትር በሰከንድ ከተጻፈ በሁለት ብታባዙት ወደ ኖት ይጠጋል። ሦስተኛ፣ ከአማካዩ ንፋስ ጎን ድንገተኛው ግፊት ለብቻው ይጻፋል። አማካዩ 12፣ ግፊቱ 15 ከሆነ ደስ የሚል ቀን ነው። አማካዩ 12 ሆኖ ግፊቱ 28 ከሆነ ግን በአካባቢው ደመና አለ ማለት ነው፤ ቤታችሁ ቆዩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። እነዚህ አፖች ሰፊ አካባቢን በአንድ ላይ ስለሚያሰሉ የሐይቁን የራሱን የከሰዓት ንፋስ አሳንሰው ሊያሳዩ ይችላሉ። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን ትንበያ ተመልከቱ። ከዚያ ዳርቻ ወርዳችሁ አንድ የጀልባ ነጂ ጠይቁ። ሁለቱ ካልተስማሙ እኔ የጀልባ ነጂውን እሰማለሁ።

እምቦጭ፣ ጉማሬና ቢልሃርዚያስ?

እምቦጭ ጣና ላይ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ችግር ነው። በይበልጥ የሚያጠቃው ሰሜንና ሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ነው። ነገር ግን ንፋስ ይነዳዋል። ትናንት ንጹሕ የነበረ ቦታ ዛሬ ሊሸፈን ይችላል። ከሰሌዳው ሥር ያለው ክንፍ እምቦጭ ውስጥ ከገባ ሰሌዳው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ እናንተ ግን ወደ ፊት ትወረወራላችሁ።

ጉማሬ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ አለ። ወደዚያ ሸራ ይዛችሁ አትጠጉ፤ በተለይ ማታና ማለዳ።

ቢልሃርዚያን አትናቁት። በሽታው ያለው ቀንድ አውጣ በሚኖርበት፣ ሣር በበዛበትና በማይንቀሳቀስ ጥልቀት የለሽ ውሃ ዳር ነው። ጀማሪ ደግሞ የሚወድቀውና የሚቆመው እዚያው ነው። ከደንገልና ከሣር ራቅ ያለ መግቢያ ምረጡ። እንደወጣችሁ ሰውነታችሁን በፎጣ ፈትጋችሁ አድርቁ። ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተመርመሩ። መድኃኒት አለው፤ ችግር የሚሆነው ሳይታወቅ ሲቆይ ነው።

ደሴቶቹ ላይ ማረፍ ይቻላል?

የዋና ልብስ ለብሶ ገዳም ደጃፍ መውጣት ነውር ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡም። ሌሎቹም ጋ ነጠላ ወይም የሚሸፍን ልብስ ያዙ፤ አስፈቅዳችሁ ግቡ። ወጀብ አስገድዷችሁ ከደረሳችሁ ግን መነኮሳቱ ፊት አይነሷችሁም።

ወጀብ አደጋ ከሆነ ሰርፈሮች ለምን ያሳድዱታል?

የሚያሳድዱት ሩቅ ያለውን ወጀብ ነው። ይህን የተረዳ ሰው የባሕር ጉዞውን ግማሽ ተረድቷል።

ውቅያኖስ መሃል ላይ ወጀብ ሲነሳ ውሃውን ያምሰዋል። ትልቁም ትንሹም ሞገድ ተደበላልቆ ይፈጠራል። ከዚያ ሞገዶቹ ወጀቡን ትተው ይጓዛሉ። ረጃጅሞቹ ይፈጥናሉ፣ አጫጭሮቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ። በመንገድ ላይ እንዲህ እየተለያዩ ስለሚሄዱ ዳርቻ የሚደርሱት ተሰልፈው ነው። ይህን ሰርፈሮች ስዌል ይሉታል። በ16 ሰከንድ ልዩነት የሚመጣ ስዌል በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። 3,000 ኪሎ ሜትር ራቅ ካለ ወጀብ የተነሳው ሦስት ቀን ሊሞላው ምንም አይቀረው። ስለዚህ ሰርፈሩ ዛሬ ካርታ ላይ ወጀቡን ያያል፤ ከሦስት ቀን ገደማ በኋላ በጠራ ሰማይ ሥር ሞገዱን ይቀበላል።

ፖርቱጋል ናዛሬ ላይ ጀርመናዊው ሴባስቲያን ሽቶይትነር 26.21 ሜትር የተለካውን ሞገድ የወረደው ኦክቶበር 29 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. ነበር። ያን ሞገድ ያመጣው አትላንቲክ ላይ የነበረው የኤፕሲሎን አውሎ ንፋስ ቅሪት ነው። ናዛሬ ፊት ለፊት ባሕሩ ሥር ያለው ጥልቅ ሸለቆ ደግሞ ሞገዱን ሰብስቦ ያሳድገዋል።

ወጀቡ ራሱ ዳርቻው ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይበላሻል። ንፋሱ ሞገዱን ያፈርሰዋል፣ ባሕሩ ወደ የብስ ይወጣል፣ ጎርፍ ቆሻሻና ግንድ ይዞ ይገባል። ያን ቀን ሰርፍ የለም።

ከእኛ አገር ለሚነሳ ሰው የት ቅርብ ነው? መቼስ ይሂድ?

ለዊንድሰርፍ የኬንያና የዛንዚባር ዳርቻ ጥሩ መነሻ ነው። እዚያ ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ንፋሶች ናቸው። ኩሲ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፤ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል፤ በተለይ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይነፍሳል። በሁለቱ መካከል፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ዝናቡ ይበዛል፣ ንፋሱም አይታመንም። ኩሲ በኛ ክረምት መበርታቱ ለኛ ሰው መልካም አጋጣሚ ነው። ጎጃም ዝናብና መብረቅ ሲሆንበት የኬንያው ዳርቻ ዲያኒ ላይ ንፋሱ ቀጥ ብሎ ይነፍሳል። እዚያ የኮራል ድንጋዩ ትልቁን ሞገድ ከሩቅ ስለሚሰብረው ከውስጥ ያለው ውሃ ለጀማሪ ይመቻል።

ጅቡቲ ቅርብ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ አልመክርም። የግብፅዋ ዳሃብ ከሰሜን የሚመጣ ንፋስ አላት፤ በርካታ የዊንድሰርፍ ትምህርት ቤቶችም አሉ።

ለሰርፍ ደቡብ አፍሪካ ትቀድማለች። ጄፍሪስ ቤይ ላይ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ስዌል ይደርሳል፤ የሚልከውም በስተደቡብ ያለው የውቅያኖስ ወጀብ ነው። ውሃው ስለሚበርድ ዌትሱት፣ ማለትም ብርድ የሚከላከል የጎማ ልብስ ግድ ነው። ኬፕታውን ደግሞ ከኅዳር እስከ የካቲት በደቡብ ምሥራቅ ንፋሷ የታወቀች ናት፤ ለሸራ ሰው።

የአውሎ ንፋስ ወቅትንም እወቁ። አረብ ባሕር ላይ ግንቦትና ሰኔ፣ ከዚያም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሊነሳ ይችላል። ሳጋር የተባለው አውሎ ንፋስ በሜይ 2018 እ.ኤ.አ. የኤደን ባሕረ ሰላጤን አልፎ ሶማሊላንድና ጅቡቲን አጥለቅልቋል። ጋቲ የተባለው ደግሞ በኖቬምበር 2020 ሶማሊያን መታ። ሞዛምቢክ ለመሄድ ካሰባችሁ ከጥር እስከ መጋቢት ያለውን ጊዜ ተጠንቀቁ፤ ኢዳይ የተባለው አውሎ ንፋስ የቤይራን ከተማ ያወደመው በማርች 2019 ነው።

ትኬቱን ቀድመን ብንቆርጥ ይረክሳል። አየሩ ባይመችስ?

ወቅቱን ቀድማችሁ ምረጡ፤ ቀኑን ግን አታጥብቡት። የአንድ ሳምንት ፈቃድ ይዞ ሦስት ጥሩ ቀን መጠበቅ ተገቢ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ አየሩ ሲከፋ ገንዘቤ ይቃጠላል ብሎ መውጣት ያምረዋል። ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሲቸኩል ነው። ስለዚህ ቀን የሚቀየርለት ትኬት በጥቂት ብር ቢወደድም ይሻላል። የሰሌዳ ጭነት ዋጋና የርዝመት ገደብም አየር መንገዱን ሳትጠይቁ አትሂዱ። ለመጀመሪያ ጉዞ እዚያው መከራየት ይቀላል። ጣና ላይ ግን ዕቃውን ይዛችሁ ብትመጡ ነው የሚሻለው።

ከሌላ ክፍለ ሀገር ወደ ባሕር ዳር የምትመጡ ከሆነ የመንገዱን ሁኔታ በዚያው ሳምንት ከአካባቢው ሰው ጠይቁ።

ባሕር ላይ ውሃው ወደ ውስጥ ቢወስደኝስ?

ሞገድ ዳርቻ ላይ የከመረው ውሃ በጠባብ መስመር ወደ ባሕር ይመለሳል። መስመሩ ሞገድ የማይሰበርበት፣ ጸጥ ያለ ስለሚመስል ሰው ደህና ነው ብሎ የሚገባው በእሱ ነው። ከያዛችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት። ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኙ፤ ከመስመሩ ስትወጡ ሞገዱ ራሱ ይመልሳችኋል። ከደከማችሁ ተንሳፈፉ፣ እጃችሁን አንሱ።

ሰሌዳውን ደግሞ በፍጹም አትልቀቁ፤ ጣናም ላይ፣ ባሕርም ላይ። ሰሌዳ ይንሳፈፋል፣ ከሩቅም ይታያል። የሰው ጭንቅላት ብቻውን ሞገድ መሃል አይታይም።

ዋና አልችልም። ልጀምር?

መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ላይፍ ጃኬት የዋናን ቦታ አይተካም፤ ዋና የሚችልም ሰው ላይፍ ጃኬት ይልበስ። ልጆች ከሆኑ አጠገባቸው ጀልባ ይዞ የሚጠብቅ አዋቂ ይኑር፣ ንፋሱም ከ10 ኖት አይለፍ።

ዓባይ ወንዝ ላይስ?

አይሆንም። ከጣና እንደወጣ ጉማሬ አለ። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ደግሞ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ክረምት ላይ የወንዙ ጉልበት ሰሌዳም፣ ዋናተኛም አይመልስም።